«ያኔም ነበሩ እንዴ?»

ጥያቄው የመጣው ከፍኖተ ሰላም ነው። ጠያቂው የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ናቸው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳስተምር አንድ ተማሪ እጁን አወጣና ‹ናዚዎች ግብረ ሰዶማውያንንም ካምፕ አስገብተዋል የሚባለው እውነት ነው? ያኔም ነበሩ እንዴ?› አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኋላ ወንበር ላይ ያለ ልጅ ‹ይሄ እኮ በ1969 አሜሪካ የተፈጠረ ነገር ነው› አለ። አንዷ ደግሞ ‹በእኛ አገር የጥንት መጽሐፍም ውስጥ አለ ይላሉ› ብላ ጨመረች። እኔ የማውቀው ቴሌግራም ላይ ያነበብኩትን ብቻ ነው። ‹በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ› ብዬ አለፍኩት። እውነቱ የቱ ነው? ብመልስስ ጣጣ ውስጥ እገባለሁ?»

የመጀመሪያው ልጅ ትክክል ነው። የኋላ ወንበሩ ተሳስቷል። ልጅቷ የያዘችው ወሬ ደግሞ ሥር አለው፣ ግን እሷ እንደሰማችው አይደለም። በየተራ እመጣበታለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር እንለይ። «ነበረ ወይ?» አንድ ጥያቄ ነው። «ይፈቀዳል ወይ?» ሌላ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው የታሪክ ነው፤ በሰነድ ይመለሳል። ሁለተኛው የሃይማኖት፣ የሕግና የሕሊና ነው። የአገራችን ክርክር ሁሉ የሚበላሸው የአንዱን መልስ ለሌላው ስለምንሰጥ ነው። «ነውር ነው፤ ስለዚህ አልነበረም» የሚል አለ። «ነበረ፤ ስለዚህ ተቀበሉ» የሚልም አለ። ሁለቱም አያስኬድም። እኔ የምመልሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። እርስዎም ክፍል ውስጥ እሱን ብቻ ነው መመለስ ያለብዎት።

ስለ ቃሉም ትንሽ። «ግብረ ሰዶም» ሕጋችንም ስብከታችንም የሚጠቀምበት ቃል ነው። ግን ፍርዱን አብሮ ይዞ ይመጣል። ስለ ሕጉ ሳወራ እሱኑ እጠቀማለሁ። ስለ ሰዎቹ ሳወራ ግን «ተመሳሳይ ጾታ የሚያፈቅሩ» እላለሁ። ለታሪክ ሥራ ከፍርድ ነጻ የሆነ ስም ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመታት፣ «በእኛ» ወይም ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር፣ የአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን ከ1969 መጀመር ከመሐል ገብቶ እንደማውራት ነው። እኔ ብሆን የምጀምረው ከ1867 ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከመውደቃቸው ስምንት ወር ግድም ቀደም ብሎ። ነሐሴ 29 ቀን ሙኒክ ከተማ ላይ የጀርመን የሕግ ሰዎች ተሰብስበዋል። ካርል ሃይንሪሽ ኡልሪክስ የሚባል ሕግ አዋቂ ተነሣና «ወንድ ወንድን አፈቀረ ተብሎ መቀጣት የለበትም» ብሎ መናገር ጀመረ። ጀመረ እንጂ አልጨረሰም። አዳራሹ በጩኸት ተናወጠና ከመድረክ ወረደ። ስለራሱ ጭምር እየተናገረ መሆኑ ይታወቅ ነበር። በዚህ ጉዳይ በአደባባይ፣ በገዛ ስሙ የተናገረ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው ይባላል። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1869፣ ከርትቤኒ የተባለ የሃንጋሪ ጸሐፊ በጀርመንኛ ባሳተመው ትንሽ ጽሑፍ ላይ «ሆሞሴክሹዋል» የሚለውን ቃል አወጣ። ከዚያ በፊት ቃሉ በኅትመት አይታወቅም። ልብ ይበሉ፤ አዲስ የሆነው ቃሉ ነው። ድርጊቱን የሚከለክሉ ሕጎች ከቃሉ ብዙ መቶ ዓመት ይቀድማሉ። የሌለን ነገር ደግሞ ማንም አይከለክልም።

በ1871 ጀርመን አንድ ስትሆን አንቀጽ 175 የሚባለው ሕግ በመላ አገሪቱ ሥራ ላይ ዋለ። በወንዶች መካከል የሚደረገውን ግንኙነት በእስር ይቀጣል። ማግኑስ ሂርሽፌልድ የሚባል ይሁዲ ሐኪም ይህን አንቀጽ ለማሰረዝ በ1897 በርሊን ላይ ማኅበር አቋቋመ። በጉዳዩ ላይ የተመሠረተ የመጀመሪያው ማኅበር ይህ ነው። በ1919 ደግሞ የጾታ ጥናት ተቋም ከፈተ። ቤተ መጻሕፍት ነበረው። ክሊኒክ ነበረው። ሰው እየመጣ ምክር ይጠይቅ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የተማሪዎ ጥያቄ መልስ ያለው እዚህ ነው። ሂትለር ሥልጣን የያዘው በጥር 1933 ነው። ግንቦት 6 የናዚ ተማሪዎች የሂርሽፌልድን ተቋም ወረሩ። መጻሕፍቱን፣ መዝገቡን፣ ፎቶውን ጠራርገው ወሰዱ። ከአራት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 10 ሌሊት፣ በርሊን ኦፔራ አደባባይ ላይ እሳት ነደደ። በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 2 ቀን 1925 ዓ.ም. ማለት ነው፤ ጣልያን እኛን ሊወር ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሲቀረው። የናዚዎችን የመጽሐፍ ቃጠሎ የሚያሳየውን ፎቶ ያላየ የታሪክ መምህር የለም። እዚያ እሳት ውስጥ ከሚነዱት ብዙዎቹ ከዚህ ተቋም የተዘረፉ ናቸው። የሂርሽፌልድን የነሐስ ሐውልት፣ ጭንቅላቱን፣ እንጨት ላይ ሰክተው በሰልፍ አዞሩት። እሱ ራሱ ውጭ አገር ስለነበር ተረፈ። የገዛ ቤተ መጻሕፍቱ ሲነድ ያየው ፓሪስ ሲኒማ ቤት ተቀምጦ፣ በዜና ፊልም ነው። አገሩን ሳያይ በ1935 ኒስ ላይ ሞተ፤ በተወለደበት ቀን፣ በ67 ዓመቱ።

በዚያው በ1935 ናዚዎች አንቀጽ 175ን አጠበቁት። ከዚያ በኋላ ለመታሰር ጥርጣሬ ይበቃ ነበር። በናዚ ዘመን 100,000 ያህል ወንዶች በዚህ አንቀጽ ተያዙ። ግማሽ ያህሉ ተፈረደባቸው። ከ5,000 እስከ 15,000 የሚገመቱት ወደ ማጎሪያ ካምፕ ተላኩ። እስረኛ ሁሉ ልብሱ ላይ ምልክት ይሰፋለት ነበር። ለፖለቲካ እስረኛ ቀይ ሦስት ማዕዘን፣ ለወንጀለኛ አረንጓዴ፣ ለይሁዲ ቢጫ ኮከብ። ለእነዚህ ደግሞ ሮዝ ሦስት ማዕዘን ነበር። ተማሪዎ «ያኔም ነበሩ እንዴ?» ሲል መልሱ ይህ ነው። ነበሩ፤ ከነምልክታቸው።

አንድ ጥንቃቄ አለኝ። ይህን ከይሁዲዎቹ ዕልቂት ጋር እኩል አድርገው አያስቀምጡት። ስድስት ሚሊዮን ሰው የሞተበት፣ አንድን ሕዝብ ከነዘሩ ለማጥፋት የታቀደ ነገር ሌላ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ይነገራሉ እንጂ አይመዘኑም።

ጦርነቱ ሲያልቅ የሆነው ደግሞ በብዙ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የለም። ካምፖቹ ተከፈቱ። አንቀጽ 175 ግን አልተሻረም። ምዕራብ ጀርመን ናዚዎች ያጠበቁትን ሕግ እንዳለ ይዛ እስከ 1969 ቀጠለች። በእነዚያ ዓመታት 50,000 ያህል ሰው ተፈረደበት። ከካምፕ የወጣ ሰው «የናዚ ሰለባ ነኝ፣ ካሣ ይገባኛል» ቢል «አንተ በሕግ የተቀጣህ ወንጀለኛ ነህ» ይባል ነበር። አንቀጹ ሙሉ በሙሉ የተሰረዘው በ1994 ነው። በርሊን ላይ መታሰቢያ የቆመላቸው በ2008 ነው። ከጦርነቱ በኋላ ለተፈረደባቸው ፍርዱ የተሻረው በ2017 ነው። ታዲያ ብዙዎቹ በሕይወት የሉም።

ከአሸናፊዎቹ ወገንም አንድ ታሪክ ይጨምሩ። አለን ቱሪንግ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ ነው። የጀርመንን ኤኒግማ ምስጢራዊ ኮድ ለመፍታት ትልቁን ድርሻ ካበረከቱት አንዱ ነው። ዛሬ ኮምፒውተር የምንለው ነገር ሐሳቡ ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። በ1952 ቤቱ ተዘረፈና እንደማንኛውም ዜጋ ፖሊስ ጠራ። ፖሊስ ሌባውን ሲያጣራ ቱሪንግ ከአንድ ወጣት ጋር ግንኙነት እንዳለው ታወቀ። አልካደም። ሊያመለክት የሄደው ሰው ተከሳሽ ሆኖ አረፈው። እስር ወይስ የሆርሞን መርፌ ተባለ። መርፌውን መረጠ። በ1954 በሲያናይድ መርዝ ሞተ፤ 42 ዓመት ሊሞላው 16 ቀን ሲቀረው። መርማሪው ራሱን አጠፋ ብሎ ዘጋው። መንግሥት በ2009 ይቅርታ ጠየቀ፤ በ2013 የንግሥቲቱ ምሕረት ወጣ፤ በ2021 ምስሉ 50 ፓውንድ ላይ ታተመ። ሌባው ባይገባ ኖሮ ምናልባት ማንም አያውቅም ነበር።

ይህን የማነሣው ለልብ መንካት አይደለም። ስለ ታሪኩ ምንጮች የሚናገረው ነገር ስላለ ነው። ይህ ታሪክ በብዛት የተጻፈው በከሳሽ እጅ ነው። የፖሊስ ቃል፣ የችሎት መዝገብ፣ የካህን ንስሐ መጽሐፍ፣ የሐኪም ማስታወሻ። የአየርላንዱን ደራሲ ኦስካር ዋይልድን ብንወስድ፣ ስለ ሕይወቱ በዝርዝር የምናውቀው በ1895 ሁለት ዓመት ከባድ እስራት ከተፈረደበት ችሎት ነው። ያልተከሰሰ ሰው መዝገብ የለውም። ስለዚህ «መዝገብ ላይ የለም» ማለት «አልነበረም» ማለት አይደለም። «መዝገብ ላይ አለ» ሲባልም የጻፈው ማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ይህችን ይያዟት፤ ወደ ጣና ስንመጣ ትፈለጋለች።

አሁን 1969። ሰኔ 28 ቀን ሌሊት፣ በእኛ ሰኔ 21 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ስቶንዎል የሚባል መጠጥ ቤት በፖሊስ ተወረረ። ወረራው አዲስ ነገር አልነበረም። እንዲህ ያሉ ቤቶች በየጊዜው ይወረሩ ነበር፤ ሰዉም አንገቱን ደፍቶ ይወጣ ነበር። የዚያን ሌሊት ግን አልወጣም። ጠርሙስና ሳንቲም ተወረወረ፤ ግርግሩ ለቀናት ቆየ። በዓመቱ፣ በ1970፣ ሰልፍ ተደረገ። ዛሬ ፕራይድ የሚባለው ሰልፍ የዚያ ተከታይ ነው። ተፈጠረ የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው። የተፈጠረው ሰልፉ እንጂ ሰዎቹ አይደሉም። አሜሪካ ውስጥ ራሱ ማታሺን የሚባል ማኅበር ከ1950 ጀምሮ ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በ1966 ኮምፕተን በሚባል ካፌ ተመሳሳይ ግርግር ተነሥቷል። የ1963ቱን የዋሽንግተን ሰልፍ፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ «ሕልም አለኝ» ያለበትን፣ ከጀርባ ሆኖ ያደራጀው ባያርድ ረስቲንም ወንድ የሚያፈቅር ሰው ነበር። አንድ ሴናተር ይህንኑ በምክር ቤት አንሥቶ ሊያዋርደው ሞክሯል። ሰልፉ ግን ተካሄደ።

ስለ ስቶንዎል የሚዞር አንድ ወሬ አለ። «የመጀመሪያውን ጡብ የወረወረችው ማርሻ ፒ. ጆንሰን ናት» ይባላል። በወሳኝነት ከተሳተፉት አንዷ መሆኗ አይካድም። ራሷ ግን ስትጠየቅ ግርግሩ ከተጀመረ በኋላ እንደደረሰች ተናግራለች። ወዳጅም ቢሆን ያሳመረውን ታሪክ ማረም የእኛ ሥራ ነው።

የቀስተ ደመናው ባንዲራም አብሮ ይነሣል፤ ባይነሣ ይገርመኛል። ጊልበርት ቤከር የሚባል ሰው በ1978 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሠራው። መጀመሪያ ስምንት ቀለም ነበረው፤ ኋላ ስድስት ሆነ። እዚህ ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ አንዲት እናት ልጇ የመረጠውን ቦርሳ አገላብጣ አይታ «ቀለሙ አላማረኝም፣ የእነሱ ነው» ብላ ስትመልስ አይቻለሁ። ልጁ አለቀሰ። የማርያም መቀነት የኖኅ ቃል ኪዳን ምልክት ከሆነ ስንት ሺህ ዘመኑ ነው! አርባ ምናምን ዓመት የሆነው ባንዲራ ከሰማይ ላይ አይወስደውም። የልጅ ቦርሳ ቦርሳ ነው።

ስለ ሕክምናው በአጭሩ፦ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1973 ከበሽታ ዝርዝር አወጣው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ1990። «በሽታ ነው» የሚል ተማሪ ካለ፣ ሕክምናው እንደዚያ ማለት ካቆመ ቆይቷል። ኃጢአት ነው የሚለው ደግሞ የሐኪም ጥያቄ አይደለም።

ወደ አፍሪካ እንምጣ። «ነጮች ናቸው ያመጡብን» የሚለው አባባል ቢያንስ በአንድ በኩል ይገለበጣል። ዛሬ በዩጋንዳ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያ ያለው የወንጀል አንቀጽ ሥሩ እንግሊዞች በ1860 ለሕንድ ያወጡት አንቀጽ 377 ነው። ሕንድ በ2018 ራሷ ሽራዋለች። ከጥንት የነበረው ነገርም አለ። የቡጋንዳው (ዛሬ ዩጋንዳ ውስጥ ነው) ንጉሥ ምዋንጋ በ1880ዎቹ ክርስቲያን አሽከሮቹን ሲያስገድል፣ አንዱ ምክንያት ፍላጎቱን እምቢ ስላሉት ነው ተብሎ ተጽፏል። የጻፉት ግን ሚስዮናውያን ናቸው፤ የንጉሡ ጠላቶች። ይህ ምክንያት ነው ወይስ የሥልጣን ሽኩቻ ያመዝናል የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔ የምለው ይህን ያህል ብቻ ነው፦ ነገሩ በቤተ መንግሥቱ የሚታወቅ ባይሆን ክሱም አይገባም ነበር።

ለክፍል የሚሆን አፍሪካዊ ሰው ከፈለጉ ግን ሳይመን ንኮሊን ይውሰዱ። የደቡብ አፍሪካ፣ የሶዌቶ ልጅ ነው። በ1984 አፓርታይድን ሲታገል ተያዘና ዴልማስ በተባለው የአገር ክህደት ችሎት ከ21 ሰዎች ጋር ቀረበ። ቅጣቱ ሞት ሊሆን ይችል ነበር። እስር ቤት ውስጥ ወንድ እንደሚያፈቅር ለጓደኞቹ ነገራቸው። ተደናገጡ። «ከእኛ ጋር ይከሰስ ወይስ ለብቻው?» ብለው ተከራከሩ። «ጉዳያችንን ያበላሽብናል» ያሉ ነበሩ። በመጨረሻ አብረው ቀረቡ። በ1988 ነጻ ወጣ። በጥቅምት 1990 ጆሃንስበርግ ላይ የመጀመሪያው ሰልፍ ሲደረግ ከመሪዎቹ አንዱ እሱ ነበር። ፊታቸው እንዳይታይ የወረቀት ከረጢት ጭንቅላታቸው ላይ ያጠለቁ ሰልፈኞች ነበሩ። አብረውት ከታሰሩት አንዳንዶቹ ኋላ ትልልቅ ባለሥልጣን ሆኑ። ደቡብ አፍሪካ በ1996 ሕገ መንግሥቷ ላይ በጾታዊ ዝንባሌ ሰውን ማግለል ከለከለች። ይህን በሕገ መንግሥት ደረጃ በግልጽ በመጻፍ ቀዳሚዋ እሷ ናት። ዛሬ አህጉሩ በሁለት አቅጣጫ ይሄዳል። ሞዛምቢክ በ2015፣ ቦትስዋና በ2019፣ አንጎላ በ2021 ክልከላውን አነሡ። ዩጋንዳ በ2023 ሞትን የሚጨምር ሕግ አወጣች።

የእኛስ? ከሕጉ ልጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 600 ድርጊቱን ይቀጣ ነበር። አሁን ያለው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በቀላል እስራት ይቀጣል። የማስገደድ፣ በሥልጣን የመጠቀም ዓይነት ነገር ካለበት አንቀጽ 630 ቅጣቱን ያከብዳል። እኛ ቅኝ ስላልተገዛን «የእንግሊዝ ሕግ ነው» የሚለው መከራከሪያ ለእኛ አይሠራም። አንድ የሚገርም ነገር ግን አለ። የ1949ኙን ሕግ ያረቀቁት ዣን ግራቨን የተባሉ የስዊዘርላንድ የሕግ ሊቅ ናቸው። አገራቸው ስዊዘርላንድ ደግሞ በጎልማሶች መካከል የሚደረገውን ከ1942 ጀምሮ መቅጣት ትታ ነበር። እንግዲህ አንቀጹ ከአርቃቂው አገር ሕግ ዝም ብሎ የተቀዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ቀኖና ድርጊቱን ሲያወግዝ የኖረ ነው፤ የሕዝቡም ስሜት የታወቀ ነው። ሕጉ ያንን ይዞ ነው የወጣው።

ከሕጉ ይልቅ እኔን የሚያጓጓኝ ቋንቋው ነው። አያቶቻችን «ወንዳገረድ» ይላሉ። «ወንዳወንድ» ይላሉ። «ሴታሴት» ይላሉ። በተፈጥሮ ሁለቱንም ጾታ ይዞ ለተወለደ «ፍናፍንት» አለ። እነዚህን ቃላት ኢንተርኔት አላመጣቸውም። የጎጃም ባላገር እሸት ሲጠብስ የሚናገራቸው ናቸው። ግን ጠጋ ብለው ይዩዋቸው። አንዳቸውም «ማንን አፈቀረ» አይሉም። የሚናገሩት ስለ አኳኋን፣ ስለ አረማመድ፣ ስለ ድምፅ፣ ስለ ሥራ ነው። እንስራ የሚሸከም ወንድ ወይም ጅራፍ የምታጮህ ሴት እንዲህ ልትባል ትችላለች። በደቡብ በማሌ ሕዝብ ዘንድም «አሽቲሜ» የሚባሉ፣ እንደ ሴት የሚለብሱና የሴት ሥራ የሚሠሩ ወንዶች እንደነበሩ አንትሮፖሎጂስቶች መዝግበዋል። እነዚህን ሁሉ አፍሶ «ይኸው የዛሬው ነገር» ማለት ስሕተት ነው። «አባቶቻችን ጭራሽ አያውቁም» ማለትም እንደዚያው። ሌላም ሰው የሚደናገርበት አለ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ሲገባ አያለሁ። ጃንደረባ የተሰለበ የቤተ መንግሥት ሹም ነው። ስለ ፍቅሩ መጽሐፉ አንዲት ቃል አይልም።

ልጅቷ ያለችው «የጥንት መጽሐፍ» ገድለ ወለተ ጴጥሮስ ይመስለኛል። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በ1592 ተወልደው በ1642 ያረፉ፣ ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን ባወጁ ጊዜ ሃይማኖቴን አልለውጥም ብለው የተንከራተቱ እናት ናቸው። ጣና ዳር ያለው ገዳማቸው ቆራጣ ከባሕር ዳር ብዙ አይርቅም፤ ዘጌም ተቀምጠዋል። ገድላቸው ካረፉ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1672፣ በግእዝ ተጻፈ። በ2015 አሜሪካ ውስጥ በእንግሊዝኛ ሲታተም ጭቅጭቅ ተነሣ። ተርጓሚዎቹ አንዱን ክፍል ሴት መነኮሳት እርስ በርስ በፍትወት ሲፈላለጉ ቅድስቲቱ አይተው ያዘኑበት ነው ብለው አነበቡት። ከዚያ አልፎ፣ ቅድስቲቱ ከወዳጃቸው ከእኅተ ክርስቶስ ጋር የነበራቸው ቅርበትም በዚሁ ዓይን ታየ። የአገራችን ሊቃውንት ደግሞ ንባቡንም ትርጓሜውንም ተቃወሙ።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። የመጀመሪያውን ንባብ ብንቀበል እንኳ ክፍሉ ወቀሳ ነው። ከላይ ያልኩትን ያስታውሱ፤ የጻፈው ማነው? መነኩሴ ነው፤ እንደ ኃጢአት ነው የጻፈው። ከዚህ የምናገኘው በዚያ ዘመን የገዳም ሰው ነገሩን በስም ያውቀውና ይፈራው እንደነበር ነው። ከዚያ አያልፍም። ስለ ቅድስቲቱና ስለ እኅተ ክርስቶስ ግን ገድሉ የሚለው በአንድ ልብ እግዚአብሔርን ያገለገሉ ሁለት መነኮሳት እንደነበሩ ነው። እዚያ ላይ የዛሬን ስም መለጠፍ ሰነዱ ያልሰጠንን መውሰድ ነው። ከሰምና ወርቅ አገር ነን። ሰሙን ሳይፈታ ወርቅ አገኘሁ የሚል ተማሪ ቅኔ ቤት ምን እንደሚደርስበት ጎጃሜ አይነገረውም።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? ሦስት መንገድ አለ። አንዱ ዝም ማለት ነው። ዝም ቢሉ ቴሌግራም ያስተምራቸዋል። ሌላው «እስቲ እንወያይ» ብሎ ክርክር መክፈት ነው። ይህን በፍጹም አያድርጉ። «ነበረ ወይ?» ብለው የከፈቱት ክርክር በሁለት ደቂቃ «ይፈቀዳል ወይ?» ይሆናል። ከዚያ ዓይን ሁሉ አረማመዱ ወደሚለይ አንድ ልጅ ይዞራል። ያ ልጅ ከክፍል ሲወጣ ምን እንደሚገጥመው እርስዎም እኔም እናውቃለን።

እንዲያደርጉት የምመክርዎ ሦስተኛውን ነው። የተጠየቁትን፣ የተጠየቁትን ያህል ብቻ ይመልሱ። በጦርነቱ ትምህርት ውስጥ፣ ስለ ካምፖቹ ሲያነሡ፣ አምስት ደቂቃ ይበቃል። «እውነት ነው። አንቀጽ 175 የሚባል ሕግ ነበር፤ 100,000 ያህል ሰው ተያዘበት፤ ካምፕ የገቡት ሮዝ ሦስት ማዕዘን ይሰፋላቸው ነበር፤ ሕጉ ከጦርነቱ በኋላም ቀጥሏል።» ከዚያ ወደ ሮማዎቹ (ጂፕሲ ወደሚባሉት ሕዝቦች)፣ ወደ አካል ጉዳተኞቹ፣ ወደ ይሖዋ ምስክሮቹ ይለፉ፤ እነሱም ይረሳሉ። «መምህር፣ እርስዎ ይደግፋሉ?» የሚል ከመጣ፣ «እኔ የማስተምረው የሆነውን ነው፤ የአገራችንን ሕግ ደግሞ አንቀጽ 629 ላይ ታገኘዋለህ» ይበሉት። ወለተ ጴጥሮስን ክፍል ውስጥ አያንሡ። ግእዙን ይዞ ማስረዳት የሚችል ሰው ሳይኖር የቅድስት ስም በአፍ ሲዞር ከትምህርቱ የሚተርፈው ጠብ ብቻ ነው።

«ጣጣ ውስጥ እገባለሁ?» ላሉት፦ አንቀጽ 629 የሚቀጣው ድርጊትን ነው፤ የናዚን ታሪክ ማስተማርን አይደለም። ወላጅ ግን ሕግ አንብቦ አይመጣም፤ ልጁ የነገረውን ሰምቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ከክፍሉ በፊት ለርእሰ መምህሩ ይንገሯቸው፤ የሚሉትን አራት መስመር ጽፈው ያሳዩዋቸው። ቪዲዮ አያሳዩ። ከስልክዎ ምንም ነገር ለተማሪ አይላኩ። ከእረፍት በኋላ ለብቻው መጥቶ የሚጠይቅ ተማሪ ካለ፣ ያዳምጡት፤ ስሙን ለማንም አያንሡ፤ ለመምህራን ክፍል ጨዋታም አያድርጉት። ይህ የታሪክ ምክር አይደለም፤ ግን ሳልለው አላልፍም።

መጀመሪያ የጠየቀውን ልጅ፣ የተሳቀበትን፣ በስሙ ጠርተው «ጥያቄህ ትክክል ነበር» ብለው ይጀምሩ። ኋላ ወንበር ላይ ያለውንም አይዝለሉት። 1969ን አስታውሶ መያዙ ቀላል አይደለም። ሰሌዳው ላይ 1969 ብለው ይጻፉለት፤ ከጎኑ ቃሉ የታተመበትን 1869 ያስቀምጡና ልዩነቱን ራሱ ይቀንስ።